የጥር ጉዝጓዝ

«እኛ ፊታችንን በእፍኝ እየታጠብን እሷ ቅጠል ታጠጣልኛለች! ኧረ ይሄ የት አገር የተደረገ ነው?»

የተናገረችው የትናየት ናት። ሳህንና ብርጭቆ ልታውሳት ለመጣች ጎረቤቷ ነው የምታወራው። ድምፅዋን ዝቅ ማድረጓ ነው እንግዲህ። ሳሎኑንና ጓዳውን የምትለየው አንዲት ስስ ኮምፔንሳቶ መሆኗን ረስታው ይሁን፣ «ብትሰማስ ምን ታመጣለች» ብላ ይሁን፣ እሱን እሷና ፈጣሪዋ ይወቁት። ከኮምፔንሳቶዋ ወዲህ ግን የባሏ ታላቅ እህት ሸጌ፣ ጓዳው ወለል ላይ ተንበርክካ፣ የሐረጓን ቅጠሎች በእርጥብ ጥጥ አንድ ባንድ እየወለወለች ነበር። እጇ ባለበት ቀረ።

የትኛውን ውኃ ነው የምትላት? ምስር የታጠበበትን ነው? ወይስ ሸጌ ራሷ ፊቷን ታጥባ በሳፋ የምታጠራቅመውን? ከዚህ ቤት ጀሪካን ለሐረጓ አንድ ጣሳ ንጹሕ ውኃ ቀድታ ታውቅ እንደሆነ እጇን ይቁረጠው። ደግሞስ ጀሪካኑን ከቦኖ ድረስ በጀርባዋ አዝላ የምታመጣው ማን ሆነችና? የትናየት ናት? ሰቆጣ ላይ በጥር ወር ውኃ መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ የሚጠራጠር ካለ የሸጌን ወገብ ይጠይቅ። ትታጠብበታለች፣ ታጠራቅመዋለች፣ ታጠጣዋለች፤ ይኸው ነው ወንጀሏ። መጀመሪያ እዚህ ቤት ስትገባ የትናየት «እትዬ» ትላት ነበር። ያቺ «እትዬ» መቼ እንደጠፋች አታስታውስም። አሁን «ሸጌ» ናት፤ ከኮምፔንሳቶ ጀርባ ደግሞ «እሷ»።

ሐረጉ የዚህ አገር ተክል አይደለም። ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ፣ ልብስ አጥበው ቢሰቅሉት ሳምንት በማይደርቅበት፣ ጫማ ባደረበት በሚሻግትበት አገር፣ ከየአንጓው ጢም የመሰለ ሥር እያወጣ በዛፍ ግንድ ሽቅብ የሚወጣ ነው። ቅጠሉ እዚያ ሰፌድ ያህላል። የዋግ ንፋስ ደግሞ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ነው። ታዲያ ሸጌ በጓዳዋ ውስጥ የራሷን ወበቅ ትሠራለች። ሐረጉ በተተከለበት የርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ሥር ጠጠር የሞላ ሳህን አኑራ ውኃ ታርከፈክፍበታለች። ጆንያ ነክራ ከበስተኋላው ግድግዳው ላይ ትሰቅላለች። ልብስ ልትቀቅል ውኃ ስትጥድ የጓዳውን በር ትዘጋለች፤ እንፋሎቱ እሷን ያስለቅሳታል፣ እሱን ያጠግበዋል። ፀሐይ በቀጥታ እንዳትመታው መስኮቷን በጋዜጣ ሸፍናለች። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰዳ ሳትዳስስም አታጠጣም፤ ውኃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳላ። እንዲህ እንዲህ ብላ ነው፣ ቅጠሉ እዚህ ከመዳፍ ባይበልጥም፣ ከጓዳው ተነስቶ በኮምፔንሳቶዋ አናት ባለችው ሽንቁር ወደ ሳሎን ወጥቶ ሦስቱን ግድግዳ እንዲዞር ያደረገችው። ሳሎን የገባ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ «ጉድ ነው!» ይላል። ወንድሟ ባንተአምላክም የተመሰገነው እሱ ይመስል ፈገግ ይላል። ሐረጉ የተያዘባቸውን ምስማሮች የመታው እሱ ነዋ።

ሸጌ ግን ይህን ሁሉ የምትሆነው ለቅጠል ብላ አይደለም። ያኔ በሰፈራ በሄደችበት በዚያ ጫካ ልጇን ቀብራለች። የሺመቤት ትባል ነበር፤ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ወባ ነው የወሰዳት። እዚያ አገር ድንጋይ የለም። ዋግ ላይ መሄጃ የሚያሳጣው ድንጋይ፣ እዚያ ለአንዲት ሕፃን ራስጌ የሚሆን እንኳ ጠፋ። ክረምቱ ሲያልፍ የአፈሩ ጉብታ ሟሟ፤ ምልክት ሆኖ የቀረው ከዛፉ ወርዶ መቃብሩን ያለበሰው ይህ ሐረግ ብቻ ነው። መንግሥት ተለውጦ ሰው ሁሉ «አገሬ» ብሎ ሲነቀል፣ ሸጌ ከጉብታው ላይ ሥር የሰደደውን አንድ ክንድ ያህል ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በላስቲክ ቋጥራ፣ ጉያዋ ሥር ይዛው መጣች። ሌላ ይዛ የመጣችው ነገር የለም።

ሐረጉ ከየት እንደተቆረጠ ከባንተአምላክ በቀር ያወቀ ሰው የለም። በመጣች ሰሞን ነገረችው። እሱም አለቀሰ፤ ሐሰት አይነገር፣ አልቅሷል። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ግን «እትዬ፣ ይህን ነገር ለሰው እንዳትነግሪ» አላት። «ለሚስቴም ቢሆን። ከመቃብር ላይ የመጣ ነገር ቤታቸው አስገቡ ከተባለ ነገ ለምስራቅ ባል አይገኝላትም።» ልጁ ምስራቅ ያኔ ገና ትንሽዬ ነበረች። ለየሺመቤት ልቅሶም አልተቀመጡ። በዚያን ጊዜ ስንቱ ቤት ስንቱን አጥቶ፣ ለአንዲት ሕፃን፣ ያውም አገር ቤት ላልሞተች፣ ማን ይቀመጣል ተባለ። አንድም ሰው መጥቶ «እግዜር ያጽናሽ» አላላትም። ሸጌም ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲህ ዝም እንዳለች ነው።

ዛሬ ያች ትንሽዬ ልትታጭ ነው። የጽጽቃ ከተማ ሰዎች፣ ልጃቸው አስተማሪ ነው፣ ለምስራቅ ሽማግሌ ልከዋል፤ ከቀትር በኋላ ይገባሉ። ቤቱ ከትናንት ጀምሮ ሲታመስ ነው። ጠላው ደርሷል፣ በጉ ታርዷል፣ ወንበሩ ከየጎረቤቱ ተሰብስቧል፣ ምስራቅም ጠጉሯን ልትሠራ ጎረቤት ቤት ሄዳለች። የጎደለው ቄጠማ ነው። የተከበረ እንግዳ በባዶ መሬት አይቀበሉትም፤ ለሽማግሌማ ጭራሽ ነውር ነው። በጥር ሰቆጣ ላይ ለምለም ሣር ከየት ይምጣ? የትናየት ወልድያ ላለች ዘመዷ ልካባት ነበር፤ ትናንት ማታ የገባው አውቶብስ ሰውና ጆንያ ጭኖ መጣ እንጂ ቄጠማ የሚባል አልነበረበትም። ይኸው ከነጋ ጀምሮ ትነጫነጫለች። «ሽማግሌ በደረቅ መሬት! አፈር ላይ ልናቆማቸው ነው! ምን ዓይነት ቤት ነው ብለው ሊሄዱ!»

ሸጌ ጥጧን አስቀምጣ ወደ ሳሎኑ ወጣች። መልስ ልትሰጣት አፏን ስትከፍት ባንተአምላክ ከደጅ ገባ፤ ሰርግ ላይ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። «ውኃ አንሶናል። እስቲ ቦኖ ወረድ በዪልን፤ የሽማግሌዎቹ እጅ መታጠቢያ እንዳይጠፋ» አላት። ሲናገር አላያትም፤ ቀና ብሎ ሐረጉን ነበር የሚያየው። «ውኃውን የሚጨርሰው ማን እንደሆነ ሚስትህን ጠይቃት» ልትለው ነበር። ስለ ምስራቅ ብላ ዋጠችው። ጀሪካኑንና ገመዱን አንስታ ወጣች።

ቦኖው ጋ ጀሪካን በጀሪካን ተቀጣጥሎ ወረፋው መንገዱን ይዟል። ሴቶቹ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኽምጣኛ ያወጋሉ፤ ውኃው አንዴ ይመጣል አንዴ ይሄዳል። አንዷ ከፊት ዞር ብላ «ሸጌ! እልል ልትሉ ነው አሉ! ደመወዝተኛ ነው አይደል ልጁ?» አለቻት። «እግዜር ካለ» አለች ሸጌ፤ ሳታስበው ፈገግ ብላ ነበር። ንዴቷ ትንሽ በረድ አለላት። ምስራቅን አዝላ ያሳደገቻት እሷ አይደለችም እንዴ? ዛሬ ጠጉሯን የምትሠራላት የሺመቤት በሆነች ነበር፤ ሁለቱ እየተሳሳቁ፣ እየተጎነታተሉ። የትናየትም ብትሆን ክፉ ሆና ሳይሆን ስለማታውቅ ነው፤ ያልተነገራትን ከየት ታምጣው? ሸጌ እዚያው ወረፋ ላይ ቆማ ወሰነች። እንግዶቹ ይሂዱ፣ የምስራቅ ነገር ይለቅ፣ ከዚያ የትናየትን ለብቻዋ ቁጭ አድርጋ እውነቱን ትነግራታለች። ይቺ ልጅ ከታጨች የባንተአምላክ ሥጋትም አብሮ አለቀ ማለት ነው። ወረፋዋ ሲደርስ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞላችው።

ስትመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ገመዱ ትከሻዋን ሸርክቶታል። የተጠረገ ቤት እንዳታቆሽሽ ደጃፉ ላይ ላስቲክ ጫማዋን አወለቀችና እንዳጎነበሰች ገባች። ወለሉ አረንጓዴ ሆኗል። «እሰይ! ቄጠማው መጣ እንዴ?» አለች ጮክ ብላ። ከልቧ ደስ ብሏት ነው። በባዶ እግሯ ረገጠችው፤ ይቀዘቅዛል። ጥቂት እርምጃ ተራመደችበት። የነገራት ውስጥ እግሯ ነው። ቄጠማ እንዲህ አይወፍርም። ቄጠማ አንጓ የለውም። ዝቅ ብላ አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ምስማሮቹ ብቻ ቀርተዋል።

የትናየት ክንዷን እያከከች ከጓሮ ገባች፤ የሐረጉ ፈሳሽ ነክቷት እስከ ክርኗ ድረስ ቀልቷል። የሸጌን ፊት ስታይ ቆም አለች። «ምን ይደረግ ሸጌ፣ አማራጭ አጣን። ደግሞ ይበቅላል እኮ፤ ቅጠል አይደል?»

ሸጌ ወደ ጓዳው አየች። ጀሪካኑ አሁንም ጀርባዋ ላይ ነው። በዚያው ቅጽበት ከደጅ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» የሚል ያረጀ ድምፅ ተሰማ። «መጡ! እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ስለ ምስራቅ ብለሽ!» ብላ የትናየት በሁለት እጇ ወደ ጓዳው ገፋቻት።

ጓዳው ውስጥ ጀሪካኑን አውርዳ ቆመች። ቆርቆሮው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከአፈሩ እኩል አድርገው ነው የቆረጡት፤ ያቺ ጣት ያህል የቀረችው ጉቶ ውኃ እያነባች ነው። ጠዋት የወለወለችበት ጥጥ እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል። ሸጌ አላለቀሰችም። ያቃጠላት ሌላ ነው፤ ራሷ መርገጧ ነው። «እሰይ» ብላ፣ ደስ ብሏት፣ በባዶ እግሯ። ይህን ያስደረጓትን ሰዎች ምን እንደምታደርጋቸው አላወቀችም።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሐረጉ ይወጣባት በነበረችው ሽንቁር አሁን ብርሃን ይገባል፤ ሸጌ በርጩማ ላይ ወጥታ በእሷ አየቻቸው። ሦስት ናቸው፤ ከፊት መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣ ሻሻቸውን ጠምጥመው በምርኩዛቸው ተደግፈዋል። ወንበር ቢቀርብላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ እንደ ደንቡ ነው፣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። እንግዲህ ሦስቱም ቆሙ፤ ሐረጉ ላይ ቆሙ። አንደኛው በቆመበት እግሩን ሲቀያይር ቅጠሉ ከጫማው ሥር ሲጨፈለቅ ይሰማል። ሸጌ ጥርሷን ነከሰች። ለምስራቅ ስትል ትችለዋለች፣ እስኪጨርሱ ትችለዋለች።

መሪጌታ ዝቅ ብለው ወለሉን አዩና «በጥር ልምላሜ!» አሉ ተገርመው። «በዚህ ድርቅ እንዲህ ያለ ጉዝጓዝ! የተባረከ ቤት ነው።»

«ተመስገን ነው አባቴ» አለ ባንተአምላክ፣ ደረቱ ነፋ ብሎ። «ባለቤቴማ ስታመነታ ነበር፤ ቁረጪው ያልኳት እኔ ነኝ። ለእናንተ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

ሸጌ ከበርጩማው ወረደች። እስካሁን በልቧ የትናየትን ነበር የምትረግመው፤ ለካ ሌላ ነው። ቦኖ ሲልካት ለምን ዓይኗን እንዳላያት አሁን ገባት። ከቤት ያስወጣት ለውኃው አልነበረም። ሳፋውን አነሳች፤ የጓዳውን በር በእግሯ ከፍታ ወጣች።

ማንንም ሰላም ሳትል መሪጌታ እግር ሥር ተንበረከከች። «አባቴ፣ እግርዎን ያንሱልኝ።» ሽማግሌው ነገር የወደቀባት መስሏቸው ግራ እንደተጋቡ አነሱ። ከሥሩ አንድ ቁራጭ ሐረግ አወጣች፣ አፈሩን በቀሚሷ ጠርጋ ሳፋው ውስጥ አኖረች። ወደ ሁለተኛው ዞረች። «እርስዎም።»

«እህቴ ናት» አለ ባንተአምላክ እየሳቀ፤ ሳቁ ግን ደርቋል። «ይቅርታ አድርጉልን፤ ከሰፈራ ከተመለሰች ወዲህ ትንሽ...» ጣቱን ወደ ጭንቅላቱ አስጠጋ።

ሸጌ እንደተንበረከከች ቀና አለች። «ትንሽ ምን? ጨርሰው እንጂ! አብዳለች በላቸው! ምን ያሳፍርሃል? እኔን ቦኖ ልከህ የልጄን መቃብር ስታስቆርጥ ያላፈርክ!» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «የቆማችሁበት የልጄ መቃብር ነው አባቶቼ። የሺመቤት ትባላለች። ድንጋይ በሌለበት አገር ቀበርኳት፤ ምልክቷ ይህ ነበር፤ ከላይዋ ቆርጬ ይዤው መጣሁ። ምስር ባጠብኩበት ውኃ አሳደግሁት። እሱ ያውቃል። ነግሬዋለሁ፤ አልቅሶ ነው የሰማኝ። ለሰው አትንገሪ ቢለኝ ለሱ ልጅ ብዬ አፌን ዘጋሁ። የዘጋሁለት ለዚህ ነበር?»

የትናየት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ የቀሉ ክንዶቿን ከነጠላዋ አወጣች። «ታውቅ ነበር?» አለች ባሏን። «ባንተአምላክ፣ እያወቅህ ነው? በኔ እጅ? በኔ እጅ ነው መቃብር ያስቆረጥኸው?» ባንተአምላክ «ለልጃችን ብዬ እኮ ነው፤ ቄጠማ...» አለና አቋረጠው።

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሁለቱ አዩዋቸውና አወለቁ። ሽማግሌው እየቃተቱ ተንበርክከው ከበሩ አጠገብ አንድ ቁራጭ ለቀሙ፤ ሳፋው ውስጥ በሁለት እጃቸው አስቀመጡት። «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሉ። «ልቅሶ ሳንደርስ ሰርግ ልንጠይቅ መጣን፤ አላወቅንም። ልጅቱን እንፈልጋታለን፤ በዚያ አትሥጉ። ዛሬ ግን የዚያ ቀን አይደለም፤ ሌላ ቀን እንመለሳለን።»

ሸጌ የያዘችውን ቁራጭ ሳፋው ውስጥ አኖረች። «እግዜር ያጽናሽ» የሚለውን ቃል ስትጠብቅ የኖረች መሆኗን እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር። አንገቷን ደፍታ መልቀሟን ቀጠለች። ሽማግሌዎቹም ለቀሙ። ወለሉ ቀስ በቀስ አፈሩ ወጣ፣ የትናየት ስትፈራው የዋለችው ደረቅ አፈር። በመጨረሻ የቀረው ባንተአምላክ የቆመበት ብቻ ነው። ረዘም ያለ ቁራጭ ነው፤ አንድ ጫፉ በቀኝ ጫማው ሥር ገብቷል።

«እግርህን» አለችው ሸጌ።

አላነሳም። አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ኮቱን ወደ ታች እየሳበ፣ የማይሰማ መስሎ ቆመ። እልህ ይሁን ሐፍረት እንጃ። ሸጌም አልለመነችውም፤ ተንበርክካ ጫማውን እያየች ጠበቀች።

የትናየት ከበሩ መጣች። ባሏ ፊት በጉልበቷ ወድቃ የቀኝ እግሩን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ያዘች። «አንሣ!» አለችው። «አንሣ ብዬሃለሁ!» ጎትታ አነሳችው፤ ባንተአምላክ ተንገዳግዶ ወንበር ያዘ። ሐረጉን ከሥሩ ያወጣችው የትናየት ናት። ቅጠሉ ተጨፍልቋል፤ አንዷ አንጓ ላይ ግን ጢም የመሰለችው ሥር ሳትበጠስ ቀርታለች። በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለሸጌ ሰጠቻት።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ባንተአምላክ ሊሸኛቸው ይሁን ሊሸሽ ተከትሏቸው ወጣ። ሸጌ ጓዳ ገብታ ለጠላ የተሰበሰበውን ብርጭቆ፣ የጎረቤቱን ሁሉ፣ መሬት ላይ ደረደረችው። ጀሪካኑን አዘንብላ ለሽማግሌ እጅ ተብሎ የመጣውን ንጹሕ ውኃ ቀዳችበት። ሐረጉን ከየአንጓው ሥር እየቆረጠች በየብርጭቆው ትነክረው ጀመር። ብርጭቆው ገና ሳያልቅ ጀሪካኑ ተንጠፈጠፈ።

የትናየት ክንዷን እያከከች በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየች። «እትዬ» አለች በመጨረሻ፤ «ውኃው ይበቃል?»

«አይበቃም» አለች ሸጌ፣ ቀና ሳትል።

የትናየት ባዶውን ጀሪካንና ገመዱን አንስታ ወደ ቦኖው ወረደች።